የሮም የመጀመሪያዎቹ ቄሣሮች ለተራው ሰው ምን አመጡለት?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን አንድ ዓሣ አጥማጅ ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ29 ነው። ግሪካዊው የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ስትራቦ በኤጂያን ባሕር እየተጓዘ ነው። መርከቧ ጊያሮስ የምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ቆመች። ደሴቷ ላይ ያለችው አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ሊነሡ ሲሉ አንድ ሰው ተሳፈረ። መንደርተኛው መርጦ የላከው ዓሣ አጥማጅ ነው። ወዴት ነው ቢሉት ወደ ቄሣር ነው አለ።

ቄሣር ማለት ኋላ አውግስጦስ የተባለው ኦክታቪያን ነው። ያን ጊዜ ቆሮንቶስ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በአክቲየም የባሕር ውጊያ አንቶኒንና ክሊዮፓትራን ድል አድርጓል። አሁን የድል በዓሉን ሊያከብር ወደ ሮም እየተመለሰ ነው። የዓሣ አጥማጁ ጉዳይ ግብር ነው። መንደሩ 150 ድራክማ ተጥሎበታል። መቶውን እንኳ የሚከፍለው በስንት መከራ ነው። ይቀነስልን ሊል ነው የሚሄደው።

ከዚህ ተነሥቼ የምለው ይህን ነው። የመጀመሪያዎቹ ቄሣሮች ለሮም መኳንንት መርዶ ነበሩ፤ ለተራው ሰው ግን እፎይታ ነበሩ።

ከቄሣሮቹ በፊት የነበረውን የሪፐብሊኩን ዘመን አስቡት። አንድ ሮማዊ ሹም አውራጃ ሲሰጠው ብዙውን ጊዜ የሚቆየው አንድ ዓመት ነው። በዚያች አንድ ዓመት የምርጫ ዕዳውን ከፍሎ፣ ኪሱን ሞልቶ መመለስ ይፈልጋል። እንደ እስያ ባሉ አውራጃዎች ደግሞ ግብር የመሰብሰቡ ሥራ በጨረታ ለባለሀብት ማኅበራት ይሰጥ ነበር። ጨረታውን ያሸነፈው ያወጣውን ከነትርፉ ከገበሬው ይለቅማል። በአውግስጦስ ጊዜ ግን ዓሣ አጥማጁ አቤት የሚልበት ሰው አገኘ።

በሮም ከተማም እንደዚያው ነው። ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው በሚኖርባት ከተማ 200,000 ያህሉ ስንዴ በነጻ ይሰፈርለት ነበር። በ6 ዓ.ም. አውግስጦስ ሌሊት የሚዞር የእሳት አደጋ ዘብ አቋቋመ። ከዚያ በፊት ክራሱስ የሚባለው ባለጸጋ በእሳት የተያያዘ ቤት በርካሽ እየገዛ ነበር ሀብት ያካበተው።

ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልሶቹ

የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲመች የተባባልነውን በየቁጥሩ በአጭሩ አስቀምጫለሁ።

1ኛ መልስ። በጣም ትሑት ሰው ነው የጀመረው። ርዕሴ መጀመሪያ የሮም ነገሥታት ይል ነበር። ቃሉን አልወደደውም፤ እውነቱን ነው። ሮማውያን ንጉሥ የሚለውን ስም ይጸየፉት ነበር። በ509 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነገሥታቱን አባረዋል። ዩሊየስ ቄሣርም በ44 የተወጋው ሊነግሥ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ነው። አውግስጦስ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ በ27 ሥልጣኑን የመኳንንቱ ምክር ቤት ለሆነው ለሴኔቱና ለሕዝቡ መለስኩ አለ። ሴኔቱም አውግስጦስ የሚለውን የክብር ስም ሰጠው፤ ሠራዊት የሰፈረባቸውን አውራጃዎችም አስረከበው። እሱ ራሱን የሚጠራው የመጀመሪያው ዜጋ በሚል ቃል ነው። ቄሣር ደግሞ የቤተሰብ ስም ነበር፤ ማዕረግ የሆነው ቀስ በቀስ ነው። ርዕሱን ወዲያው አስተካከልኩ።

2ኛ መልስ። ስለ ስንዴው ነው። ነጻውን ስንዴ ያመጣው ቄሣር እንዳልሆነ ጠቆመኝ። በሪፐብሊኩ ጊዜ፣ በ58 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ክሎዲየስ የሚባል የሕዝብ ተወካይ ያወጣው ሕግ ነው። እንዲያውም ዩሊየስ ቄሣር የተቀባዮቹን ቁጥር ከ320,000 ወደ 150,000 አውርዶታል። አውግስጦስ ያደረገው ሥርዓት ማስያዝ ነው። ልክ ነው፤ ተቀብያለሁ።

3ኛ መልስ። እኚህ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት አስተምረዋል። ስለ ሮም ሲያስተምሩ የሚጀምሩት ከሉቃስ ወንጌል ነው። ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ከአውግስጦስ ቄሣር ትእዛዝ ወጣች የሚለውን ተማሪዎቹ ሁሉ በቃል ያውቁታል። ለምን ይጻፍ ብለው ሲጠይቋቸው ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። መልሱ ግብር ነው። በሮማውያን ግብፅ በየ14 ዓመቱ ቤት ለቤት ቆጠራ ነበር። ሰዎቹ ያስገቧቸው ወረቀቶች በፓፒረስ ላይ እስከ ዛሬ አሉ። ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ባሪያ፣ ዕድሜ፣ በሰውነት ላይ ያለ ጠባሳ ሳይቀር ይጻፋል። ወንድ ልጅ 14 ዓመት ሲሞላው የነፍስ ወከፍ ግብር ይጀምራል። የሮም ዜጋና የእስክንድርያ ዜጋ አይከፍልም። የገጠሩ ገበሬ ሙሉውን ይከፍላል። በቄሣሩ በኔሮን ዘመን በፋዩም አውራጃ፣ ፊላዴልፊያ በምትባል መንደር፣ ግብሩን ሸሽተው የጠፉ ወንዶች ስም ዝርዝር ተገኝቷል። መምህሩ ይህን ሲጽፉ እኔን ለመቃወም አልነበረም። ነገር ግን ያቺን የጠፉ ሰዎች ዝርዝር ካነበብኩ በኋላ እፎይታ ያልኩት ቃል ይከብደኝ ጀመር።

4ኛ መልስ። ይሄኛው ልክ ልኬን ነገረኝ። ሦስት ነጥብ ነበረው። አንደኛ፣ ስትራቦ ዓሣ አጥማጁ ወደ ቄሣር መሄዱን ጻፈ እንጂ ግብሩ ተቀነሰ አላለም። መልሱ በሌለበት የቄሣርን ቸርነት ከየት አመጣኸው አለኝ። ሁለተኛ፣ ሪፐብሊኩ ክስ የሚሰማ ፍርድ ቤት ነበረው። ሲሲሊን የዘረፈውን ሹም ቬሬስን በ70 ከክርስቶስ ልደት በፊት ዝነኛው ተናጋሪ ሲሴሮ ከስሶት፣ ሰውየው ፍርዱን ሳይጠብቅ ወደ ስደት ሄዷል። ሦስተኛ፣ እኔ ታሪኩን ከቤተ መንግሥት በር ቆሜ ነው የማየው አለ። ሦስተኛዋ ቆረጠችኝ።

5ኛ መልስ የእኔ ነው። የመጀመሪያውን አመንኩ። በሁለተኛው አልተስማማሁም። ቬሬስ ሮም ውስጥ ትልቅ ሰው የቆመለት ብርቅ ጉዳይ ነው። ሲሲሊ ሲሴሮን አገኘች፤ ጊያሮስ ማንን ታገኛለች? በ4 ከክርስቶስ ልደት በፊት ለሹማምንት የተበዘበዘ ገንዘብ በፍጥነት የሚመለስበት ደንብ ወጥቷል። የሴኔቱ ውሳኔና የአውግስጦስ አዋጅ በዛሬዋ ሊቢያ ባለችው ቀሬና ላይ በድንጋይ ተቀርጾ ተገኝቷል። ድሃው በፊት ያላገኘው ነገር ይሄ ነው ብዬ ተከራከርኩ። አሁንም ውሃ የሚያነሣ ነጥብ ይመስለኛል።

6ኛ መልስ። አጭርና መራራ ነው። አውግስጦስ ሰላም አመጣ የሚል ሁሉ ሰላሙን ማን እንዳደፈረሰው ይናገር አለ። በ43 ከክርስቶስ ልደት በፊት ኦክታቪያን፣ አንቶኒና ሌፒዱስ የሚገደሉ ሰዎችን ስም ጽፈው አደባባይ ለጠፉ። ሲሴሮ ከነሱ አንዱ ነው፤ ራሱና እጁ ተቆርጦ እሱ ራሱ ቆሞ ይናገርበት ከነበረው መድረክ ላይ ተሰቀለ። ቀጥሎ ለወታደሮች መሬት ለመስጠት የ18 የጣሊያን ከተሞች መሬት ተመደበ። የተነቀለው ገበሬ ተራ ሰው አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

7ኛ መልስ። ሮም የምትኖር እህታችን ናት። አዛውንት በመንከባከብ ትሠራለች፤ እሑድ ከሰዓት ብቻ ነው የራሷ ጊዜ። ሁልጊዜ ትሬቪ ፏፏቴ አጠገብ ትቀመጣለች። አንድ ቀን የምትንከባከባቸው አሮጊት ያ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ነገሯት። የአውግስጦስ አማች አግሪጳ በ19 ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ከተማዋ ያስገባው የቪርጎ ቦይ ነው። ተበላሽቶ፣ ታድሶ፣ ዛሬም ትሬቪ የሚፈስሰው በዚያው መስመር ነው። እጇን ውሃው ውስጥ ከታ እንደቆየች ጻፈች። ሁለት ሺህ ዓመት በእጄ ላይ ፈሰሰ ማለቷ ደስ ይላል። ቄሣሮቹ ክፉ ቢሆኑም ውሃው ግን ደርሷል ባይ ናት።

8ኛ መልስ። ለእሷ የተሰጠ ነው፤ በትሕትና። የሮምን ውሃ ያስተዳድር የነበረው ፍሮንቲኑስ የጻፈውን አስታወሰ። አግሪጳ ቦዮቹን የሚጠብቁ 240 የራሱ ባሮች ነበሩት። ሲሞት ለአውግስጦስ አወረሳቸው፤ አውግስጦስም የመንግሥት አደረጋቸው። በኋላ ቄሣሩ ቀላውዴዎስ 460 ጨመረ። ሰባት መቶ ሰው ማለት ነው፤ ቦዩን የሚጠግን፣ የሚለስን፣ ጭቃ የሚዝቅ። እህታችን አመስግና፣ በሚቀጥለው እሑድ እነሱን እያሰብኩ እቀመጣለሁ አለች።

9ኛ መልስ። ባሮች ሲነሡ ክሩ ተቀየረ። ይህን መልስ የጻፈው ሰው ቃሉን አላለሰለሰም። በ61 ዓ.ም. የሮም ከተማ አስተዳዳሪ ፔዳንየስ ሴኩንዱስ በገዛ ባሪያው ተገደለ። ምክንያቱ ሁለት ዓይነት ይነገራል፤ ነጻ ሊያወጣው ዋጋ ተስማምተው ጌታው ስለካደ ነው የሚል አለ፤ በፍቅር ተቀናንተው ነው የሚልም አለ። የቀድሞው ልማድ ግልጽ ነበር። ጌታው በባሪያው ከተገደለ በዚያ ጣሪያ ሥር ያሉት ባሮች ሁሉ ይገደላሉ። በዚያ ቤት 400 ነበሩ። ሴቶችም ሕፃናትም አሉባቸው።

የሮም ሕዝብ ወጣ። ድንጋይና ችቦ ይዞ ሴኔቱን ከበበ። ሴኔት ውስጥም የሚያመነታ ነበር። ካሲየስ የሚባል የሕግ አዋቂ ግን ባሪያ የሚገዛው በፍርሃት ብቻ ነው ብሎ ተከራከረ፤ እሱ አሸነፈ። ኔሮን ሕዝቡን በአዋጅ ገሠጸ። 400ዎቹ የሚሄዱበትን መንገድ ግራና ቀኝ በወታደር አጠረ። ሁሉም ተገደሉ። መላሹ እኔን በቀጥታ ጠየቀኝ። ተራ ሰው ስትል እነዚህን ቆጥረሃቸዋል ወይ አለኝ። አልቆጠርኳቸውም ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሐሳቤ የሚመላለሰው የሕዝቡ ነገር ነው። የራሱ ያልሆነውን ሰው ሊያድን ድንጋይ ያነሣ ሕዝብ ነው። በምርጫ የሚያሰማው ድምፅ በአውግስጦስ ተተኪ በጢባርዮስ ዘመን ተወስዶበታል፤ ሹማምንቱን መምረጥ ወደ ሴኔቱ ሄዷል። የቀረው ድንጋይና ችቦ ነበር።

10ኛ መልስ። ሚዛን ለመጠበቅ የመጣ ነው። ሮም ውስጥ ጌቶች የታመመ ባሪያቸውን ላለማሳከም በቲቤር ወንዝ ደሴት፣ የመድኃኒት አምላክ ተብሎ የሚመለክበት ቤተ መቅደስ አጠገብ ይጥሉት ነበር። ቀላውዴዎስ እንዲህ የተጣለ ሰው ከዳነ ነጻ ነው፣ ጌታው ጋ አይመለስም ብሎ አወጀ። ከመጣል ይልቅ የገደለው ደግሞ በነፍስ ግድያ ይጠየቃል። ሌላም አለ። ቬዲየስ ፖሊዮ የሚባል ሀብታም ቤት አውግስጦስ ራት ተጋብዞ ሳለ አንድ ልጅ የብርሌ ጽዋ ሰበረ። ጌታው ልጁን በኩሬ ለሚያረባቸው ነካሽ ዓሦች ይጣልልኝ አለ። ልጁ አውግስጦስ እግር ሥር ወደቀ። የለመነው ሕይወቱን እንኳ አይደለም፤ ዓሣ አይብላኝ፣ ሌላ ሞት ስጡኝ ነው ያለው። አውግስጦስ ልጁን አስለቀቀ፣ የቤቱን ብርሌ በሙሉ አሰበረ፣ ኩሬውንም አስደፈነ። 9ኛው መላሽ ተመልሶ፣ አንድ ልጅ ለመዳን ቄሣር ራት መጋበዝ ነበረበት ወይ ሲል ጠየቀ።

ከ11ኛ እስከ 14ኛ። እነዚህን በዝርዝር አልናገርም። አንዱ አምባገነን ትወዳለህ አለኝ። ሌላው ለእኔ ጥብቅና ቆሞ ሰውየውን ሰደበልኝ። ነገሩ ወደ ዛሬ ፖለቲካ ሄደ። ሁለቱ መልሶች ተነሥተዋል።

15ኛ መልስ። የመድረኩ ተቆጣጣሪ ናት። ወደ ሮም እንመለስ አለች። ለዚህ አመሰግናታለሁ።

16ኛ መልስ። ከርዕሱ ወጣ ያለ ነው፤ ግን እንዲህ ያለውን ውጣት እወደዋለሁ። ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን የምትሆነው ለምንድን ነው ብሎ ጀመረ። ጥንታዊው የግብፅ ዓመት እንደ እኛው 12 ወር በ30፣ 30 ቀን ሆኖ አምስት ተጨማሪ ቀን ነበረው። ስድስተኛ ቀን ግን አልነበረውም። ስለዚህ አዲስ ዓመት በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይንሸራተታል። በ238 ከክርስቶስ ልደት በፊት የግብፅ ንጉሥ ሦስተኛው በጥሊሞስ ቀኗን ለመጨመር አዋጅ አስወጣ፤ አልጸናም። ያጸናው አውግስጦስ ነው፤ ግብፅን በ30 ከያዘ በኋላ። አዲስ ዓመቱም በዩልዮስ አቆጣጠር ኦገስት 29 ላይ ቆመ። በዚያ ላይ የዛሬውን የ13 ቀን ልዩነት ጨምሩበት አለን። ሴፕቴምበር 11 ይሆናል። መስከረም 1 ማለት ነው። አቆጣጠሩ ከእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ጋር ወደ እኛ መጣ። ወረቀት አውጥቼ ደመርኩት፤ ልክ ነው። ጳጉሜን 6ን ከእንግዲህ በተለየ ዓይን ነው የማያት።

17ኛ መልስ። ኦገስት የሚባለው ወር ራሱ ስሙን ከአውግስጦስ እንዳገኘ ጨመረ። በ8 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው የተሰየመለት። የልደቱ ወር ሴፕቴምበር ሆኖ ሳለ ይህን የመረጡለት እስክንድርያ የተያዘችው በዚያ ወር ስለሆነ ነው።

18ኛ መልስ። አንዲት ወጣት ናት፤ ለንደን ውስጥ ሙዚየም ያየችውን ጻፈች። የአውግስጦስ የነሐስ ራስ ነው። ዓይኖቹ ከመስታወትና ከድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬም እንዳሉ ናቸው። በቀጥታ አያዩሽም፣ አሻግረው ነው የሚያዩት አለች። የተገኘው በ1910 ሜሮዌ ውስጥ፣ በዛሬዋ ሱዳን ነው። የኩሽ ሰዎች ከሮማውያን ግብፅ ማርከው ወስደው፣ ከቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር ቀብረውታል። የሚገባ የሚወጣው ሁሉ በቄሣር ራስ ላይ ይረግጣል።

19ኛ መልስ። በጣም የቆየሁበት ይህኛው ነው። በመጀመሪያ አንድ ነገር አጠራ። ስትራቦ ኢትዮጵያውያን የሚላቸው የሜሮዌ መንግሥት፣ ማለትም የኩሽ ሰዎች ናቸው፤ የዛሬዋን ኢትዮጵያ አያሰኝም። በሐዋርያት ሥራ ህንደኬ የተባለችውም የዚያ መንግሥት ንግሥቶች ማዕረግ ናት። ከዚያ ታሪኩን ነገረን። ኩሾች ወደ አስዋን ወርደው ከተሞቹን መቱ፣ የቄሣርን ሐውልቶች ጣሉ። የግብፁ ገዥ ፔትሮኒየስ ዘመተ፤ የኩሾችን ከተማ ናፓታን አፈረሰ። አንድ ዓይና የነበረችው ንግሥት ግን አልተወችውም፤ ሠራዊቷን ይዛ ተመለሰች። በመጨረሻ መልእክተኞች ላከች። ፔትሮኒየስ ወደ ቄሣር ሂዱ ሲላቸው፣ ቄሣር ማን እንደሆነ አናውቅም፣ የት እንደሚገኝም አናውቅም አሉ። አጃቢ ሰጣቸው። ሳሞስ ደሴት ላይ አገኙት። የጠየቁትን ሁሉ አገኙ። የጣለባቸውን ግብር ሳይቀር አነሣላቸው።

መላሹ ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ብቻ አለ። ይህንንም የጻፈው ያው ስትራቦ ነው።

ያን ስታነቡ ምን እንደተሰማችሁ አላውቅም፤ እኔ ግን ከወንበሬ ተነሣሁ። አንዱ ቄሣር የት እንዳለ ያውቃል፤ መርከብ ለምኖ ይሳፈራል። ሌሎቹ ማን እንደሆነም አያውቁም፤ በአጃቢ ይሄዳሉ። ሁለቱም የሚጠይቁት የግብር ነገር ነው። ጦር ያላት ንግሥት ያገኘችው መልስ ተጽፏል።

20ኛ መልስ። ንግድን አነሣ። ግብፅ ከተያዘች በኋላ ከቀይ ባሕር ወደብ ከሚዮስ ሆርሞስ ብቻ እስከ 120 መርከብ ወደ ሕንድ ይሄድ ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ሕንድ፣ ቻይናና ዓረብ በየዓመቱ 100 ሚሊዮን ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ) ይወስዱብናል ብሎ አማርሯል። በዚያው መንገድ ላይ አዱሊስ ነበረች፤ የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ የሚጫንባት። ነጋዴ የሆነ ሁሉ ከሮም ሰላም ተጠቅሟል ባይ ነው። በዚህ ማንም አልተከራከረም።

21ኛ መልስ። ስለ ጸሐፊዎች ነው። በ25 ዓ.ም. በጢባርዮስ ዘመን ክሬሙቲየስ ኮርዱስ ታሪክ በመጻፉ ተከሰሰ። ጥፋቱ የዩሊየስ ቄሣርን ገዳዮች ብሩተስንና ካሲየስን በክብር ማንሣቱ ነው። ራሱን በረኃብ ገደለ። መጻሕፍቱ እንዲቃጠሉ ተወሰነ። ልጁ ማርኪያ ግን ቅጂ ደብቃ አቆየች፤ በኋላ እንደገና ወጣ። መላሹ ያነሣው ነጥብ ከባድ ነው። መኳንንቱ ላይ የወረደ ነገር ድሃውን አይነካም ማለት አይቻልም። የድሃውን በደል የሚጽፈውም ያው ብዕር ነው።

22ኛ መልስ። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ስለ ሴኔት ብዙ ተባለ፣ ስለ ወታደሩስ አሉን። አውግስጦስ በ14 ዓ.ም. ሲሞት በዳኑብ ወንዝ አካባቢ በፓኖኒያ የሰፈሩት ሌጌዎኖች፣ ማለትም የሮም ክፍለ ጦሮች፣ አመፁ። ደመወዛቸው ለቀን አንድ ዲናር እንዲሞላ፣ አገልግሎታቸውም በ16 ዓመት እንዲያበቃ ጠየቁ። ከሚጠሏቸው መቶ አለቆች አንዱ ሉኪሊየስ ነበር። በወይን ዘንግ ነው የሚገርፈው። ዘንጉ በወታደሩ ጀርባ ላይ ሲሰበር ሌላ አምጡ ይላል፤ ያም ሲሰበር ሌላ። ወታደሮቹ ስሙን ሌላ አምጡ አሉት። በአመፁ ገደሉት። ጋሼ በወጣትነታቸው እንዲህ ያለ አለቃ እንደነበራቸው ጻፉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

23ኛ መልስ። ከጋሼ ቀጥሎ የመጣ ነው። የቄሣሮቹ ትልቁ ጉድለት ማን ይተካል የሚለው ሕግ አለመኖሩ ነው አለ። በ41 ዓ.ም. ቄሣሩን ካሊጉላን የገደሉት የራሱ ዘቦች ናቸው። ቀላውዴዎስን ከመጋረጃ ጀርባ አውጥተው ያነገሡትም ያው ዘቦች ናቸው፤ እሱም ለእያንዳንዳቸው 15,000 ሴስተርስ ቃል ገባ። የተራ ሌጌዎን ወታደር የዓመት ደመወዝ 900 ነበር። ማለትም ከ16 ዓመት የሚበልጥ ደመወዝ በአንድ ቀን። በ69 አራት ቄሣር በአንድ ዓመት ታየ፤ ጣሊያን በራሷ ጦር ተዘረፈች። ሰላሙ የሰውየው ዕድሜ ያህል ነበር።

24ኛ መልስ። 4ኛው መላሽ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ድምፁ ረጋ ያለ ነው። ጊያሮስን ሲፈልግ ሌላ ቦታ አገኛት። 22 ዓ.ም. ነው፤ ዓሣ አጥማጁ ከተሳፈረ 50 ዓመት አልፏል። ጢባርዮስ ነው ቄሣሩ። የእስያ አውራጃ ገዥ የነበረው ጋይየስ ሲላኑስ ሕዝቡን በመበዝበዝ ተከሶ ሴኔት ቀረበ። ይሰደድ ተባለ፤ ወደ ጊያሮስ። ጢባርዮስ ግን ጣልቃ ገባ። ደሴቷ አስቸጋሪ ናት፣ ሰው የሰፈረባት አይደለችም አለ። ሲላኑስ ከትልቅ ቤተሰብ የተወለደ ነው፣ ሴናተር የነበረ ነው። እህቱም የተከበረች የቤተ መቅደስ ድንግል ናት፤ ለምናለታለች። ስለዚህ ወደ ሻለችው ወደ ኪትኖስ ይሂድ ተባለ።

መላሹ እዚህ ላይ አቆመ። እኔን አልነካኝም።

25ኛ መልስ። ደሴቷ ዛሬ ምን እንደምትመስል ያሳየን ግሪክ አገር የሚኖር ልጅ ነው። ፎቶ ለጠፈ። ሰው አይኖርባትም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የፖለቲካ እስረኞች ይጋዙባት ነበር፤ ትልቁ የእስር ቤት ሕንፃ አሁንም ባሕሩ ዳር ቆሟል። ከጀርባው ድንጋይና ደረቅ ቁጥቋጦ ነው። ዛፍ ፈለግኩ፤ አላየሁም።

26ኛ መልስ የእኔ ነው። ስለ ውሃው የተባለውን፣ ስለ እሳት አደጋው ዘብና ስለ ቀሬናው ደንብ ያልኩትን አልሰርዝም። እነሱ እውነት ናቸው። ግን ትናንት ማታ 4ኛውን መላሽ አመስግኜ፣ ስለ ዓሣ አጥማጁ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ከዛሬ ጀምሮ እንደ ታረመ እንዲነበብልኝ ጠየቅሁ። አቤት የሚልበት ሰው አገኘ ብዬ ነበር። አቤት ሊል ሄደ በሉት።